ከቦሌ ኤርፖርት እስከ ሆቴል፦ እናቴንና ሁለት ልጆች ይዤ ስገባ መኪና እንዴት ልያዝ?

ሲልቨር ስፕሪንግ (ጠያቂዋ)

ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ለጥምቀት አዲስ አበባ እንገባለን። እናቴ አብራኝ ናት። 78 ዓመቷ ነው፤ አገሯን ካየች 19 ዓመት አልፏታል። ጉልበቷን ስለሚያማት ኤርፖርት ውስጥ በዊልቸር ነው የምትሄደው። የ6 እና የ3 ዓመት ልጆችም ይዣለሁ። ባለቤቴ ከሥራ ፈቃድ ስላላገኘ ከሳምንት በኋላ ነው የሚከተለን። የምንመጣው ከዋሽንግተን በቀጥታው በረራ ሲሆን ጠዋት ነው የምናርፈው።

የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት ካሳንቺስ አካባቢ ሆቴል ይዘናል። እናቴ ትንሽ አርፋ ከዚያ ወደ አጎቴ ቤት እንሄዳለን። ጭንቀቴ ከኤርፖርቱ በር እስከ ሆቴሉ በር ያለው መንገድ ነው። ሆቴሉ የራሱ ነፃ መኪና አለኝ ይላል። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ በካርድ አስቀድሞ የሚከፈልበት የግል መኪና አየሁ። የጓደኛዬ ወንድም የሚያውቀው ሾፌርም አለ። የቱን ልያዝ?

ሌላም ነገር አለ። አጎቴን «መኪና እይዛለሁ፣ አትቸገሩ» ስለው ስልኩ ላይ ዝም አለ። ቆይቶ «እኛ ሞተናል እንዴ?» አለኝ። ዘመዶቼ በሦስት መኪና ሊቀበሉን ተዘጋጅተዋል። ማንንም ማስቀየም አልፈልግም። እናቴ ግን ከ12 ሰዓት በላይ በረራ በኋላ ያን ሁሉ ሰላምታ ቆማ ትችላለች ብዬ አላምንም።

ገርጂ ማዞሪያ

እንኳን ደህና መጣሽ ብዬ ልመልስ። ለምን ይህን ያህል ትጨነቂያለሽ? እንደወጣሽ ሲም ካርድ ትገዣለሽ፤ የኢትዮ ቴሌኮምም የሳፋሪኮምም መሸጫ እዚያው አለ። ከዚያ ለራይድ ታክሲ በ8294 ትደውያለሽ ወይም አፑን ትከፍቻለሽ። ዋጋው ቁልጭ ብሎ ይታይሻል። እኔ በዓመት ሁለቴ ከናይሮቢ እመላለሳለሁ፣ አንድ ቀንም መኪና አስቀድሜ ይዤ አላውቅም።

የቦሌ ሾፌር

ወንድሜ ገርጂ፣ ብቻውን ቦርሳ አንጠልጥሎ ለሚመጣ ሰው ያልከው ትክክል ነው። እኔም በአፕ ሠርቻለሁ። የእህታችን ጉዳይ ግን ሌላ ነው። 4 ሰው ናቸው። ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው ሁለት ሁለት ሻንጣ ይፈቀድለታል፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ይኸውልህ 8 ሻንጣ። በዚያ ላይ የእጅ ቦርሳ፣ ጋሪና የልጅ ዕቃ ጨምርበት። አፑ ትንሿን ቪትዝ ቢልክላት ሦስተኛው ሻንጣ ላይ ይሞላል። ያኔ ሁለት መኪና ልትጠራ ነው። እናትየው በአንዱ፣ ልጆቹ በሌላው? አይሆንም።

እህቴ፣ ላንቺ የሚሆንሽ ሃይሩፍ፣ ጣራው ከፍ ያለው ሚኒባስ፣ ወይም የኋላ ወንበሩ የሚታጠፍ ሰፊ ሚኒቫን ነው። መኪና ስትይዢ ከዋጋው በፊት ይህን ጠይቂ፦ «ሻንጣው ሁሉ ውስጥ ይገባል ወይስ ጣራ ላይ ይታሰራል?» የሚመጣውን መኪና ፎቶ ላክልኝ በይው። ታርጋው እንዲታይ ይሁን። የንግድ መኪና መሆኑን እይ፣ ኮድ 3 ማለት ነው። ሰው ጭኖ ገንዘብ የሚቀበል መኪና የሥራ ፈቃዱም ኢንሹራንሱም ለዚያ ሥራ ሊሆን ይገባል።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። «ጠዋት ነው የምናርፈው» ብለሻል። ስንት ሰዓት ላይ? በማን አቆጣጠር? ይህን የምለው ሥራዬ ላይ ካየሁት ችግር ሁሉ ትልቁ እሱ ስለሆነ ነው።

ሪሴፕሽን

የሆቴል ሠራተኛ ነኝ። በእንግዳ መቀበያ 7 ዓመት ሠርቻለሁ፣ ስለ ነፃው መኪና ልንገርሽ።

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሆቴሎች ለእንግዳ ነፃ መኪና አላቸው። ጥሩ አገልግሎት ነው። ግን ነፃው መኪና የጋራ ነው። ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚመጡት በረራዎች ማለዳ ተከታትለው ነው የሚያርፉት። በዚያ ሰዓት አንድ ሚኒባስ የአምስት ክፍል እንግዶችን ይጠብቃል። ሁሉም እስኪሰበሰብ ቀድሞ የወጣው መኪና ውስጥ ተቀምጦ ይቆያል። ለወጣት ሰው ምንም አይደለም። ለእናትሽ ከባድ ነው።

ስለዚህ ለሆቴሉ ጻፊና «ለኛ ብቻ የሚሆን መኪና በክፍያ አላችሁ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። አብዛኞቹ አላቸው። ሂሳቡ ክፍሉ ላይ ይያዝልሻል፣ ኤርፖርት ላይ ብር ፍለጋ አትቆሚም። የበረራ ቁጥርሽን፣ የሰውና የሻንጣ ብዛት፣ ዊልቸር መኖሩን በአንድ ኢሜይል ላኪ። መልስ ካላገኘሽ ደውይ። የማታ ፈረቃ የተቀበለው መልእክት ለጠዋቱ ሳይደርስ ሲቀር አይቻለሁና ከመነሳትሽ በፊት ባለው ቀን ድጋሚ አረጋግጪ።

ማንም ያላነሳው ነገር ደግሞ አለ። ማለዳ ትደርሻለሽ፤ ክፍል የሚሰጠው ግን ብዙ ቦታ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ነው። መኪናው ቢሳካልሽ እንኳ እናትሽ ሎቢ ላይ ተቀምጣ አራት አምስት ሰዓት ልትጠብቅ ነው። በጥምቀት ሰሞን ሆቴል ስለሚሞላ «ቀደም ብለን እናስገባችኋለን» የሚለውን ተስፋ ብቻ አትያዢ። ከመድረስሽ በፊት ያለውን ሌሊት ጨምረሽ ክፈይ። ስትከፍዪም «የምንገባው በማግስቱ ጠዋት ነው» ብለሽ አስመዝግቢ። ካለበለዚያ ሌሊቱን ስላልመጣሽ ቀርታለች ተብሎ ክፍሉ ለሌላ ሊሰጥ ይችላል።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ሪሴፕሽን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! የክፍሉን ነገር በፍጹም አላሰብኩትም ነበር። ዛሬውኑ እጽፋለሁ።

ሾፌር፣ የምናርፈው 7፡30 ላይ ነው።

የቦሌ ሾፌር

አየሽ? 7፡30 ብቻ ከላክሽልኝ እኔ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው የምለው። እናትሽ ስድስት ሰዓት ሙሉ ትጠብቀኛለች። «ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል፣ በፈረንጅ 7፡30» ብለሽ ሁለቱንም ጻፊ። ሁልጊዜ ሁለቱንም።

ከጄዳ የመጣሁ

እዚህ ላይ የኔን ልንገራችሁ፣ ለሌላ ሰው ይጠቅማል።

የዛሬ ሦስት ዓመት ከሳዑዲ ጠቅልዬ ስመለስ ነው። ልጄ የ8 ወር ነበረች። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ማክሰኞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ነበር። በትኬቱ ላይ ማክሰኞ 2፡30 ይላል። መኪና ያዝኩ፣ ግማሹን ከፈልኩ። በስልክ «ማክሰኞ ሌሊት 8 ተኩል» አልኩት። «እሺ እህቴ፣ ማክሰኞ ሌሊት» አለኝ።

ደርሼ ማንም የለም። ስልኩ ዝግ ነው። ሰውዬው ተኝቷል፣ ለምን አይተኛም? በኛ አገር ሰው አነጋገር ማክሰኞ ሌሊት ማለት የማክሰኞ ቀን አልፎ፣ መሽቶ፣ የሚመጣው ሌሊት ነው። እሱ በማግስቱ ሊመጣ ነበር ያሰበው። ፈረንጅ ግን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ አዲስ ቀን ይላል። እኔ ማለት የነበረብኝ «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ» ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስልኩን ከፍቶ እስኪደውልልኝ ድረስ ልጄን ታቅፌ ብርድ ላይ ተቀመጥኩ። እሱም ደንግጦ እየሮጠ መጣ፣ ቀሪውን ክፍያም አልቀበልም አለ። ሁለታችንም ትክክል ነበርን። የተስማማነው ግን ስለተለያየ ሌሊት ነበር።

ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጡት በረራዎች ብዙዎቹ ሌሊት ስለሆነ እህቶቼ ይህን ልብ በሉ። «ለማክሰኞ አጥቢያ» የሚለውን ቃል ተጠቀሙ። ሌላ የሚያድን ቃል የለም።

የአራት ልጆች እናት

ልጄ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ስለ መኪናው ሌሎቹ ነግረውሻል። እኔ ስለ አጎትሽ ልናገር።

አጎትሽ አልተሳሳተም። 19 ዓመት ሙሉ እህቱን ሊቀበል ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። «አትምጣ» ስትይው ለሱ ስለ መኪና አይደለም። ኤርፖርት ሄዶ ዘመድ መቀበል እኛ ዘንድ የመውደድ ምልክት ነው። እኔ ራሴ እህቴ ከጣሊያን ስትመጣ ሌሊቱን ሳልተኛ አድሬ ነው የሄድኩት።

ግን አንቺም እውነት አለሽ። እናትሽ ሽማግሌ ናት። በፓርኪንጉ ውስጥ ሃያ ሰው እያቀፈ ሲያለቅስባት ልቧ አይችልም። አዲስ አበባም ከፍ ያለ አገር ነው፣ ከ2,300 ሜትር በላይ። ከሜሪላንድ ቆላ መጥቶ በመጀመሪያው ቀን ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ብዙ ነው።

እንዲህ አድርጊ። አጎትሽን ደውለሽ «ጋሼ፣ እማዬን ካንተ ሌላ ማንም እንዲቀበላት አልፈልግም» በይው። ብቻውን ይምጣ። ግን መኪናውን አያምጣ። በታክሲ ይምጣና አንቺ በያዝሽው ሰፊ መኪና ከናንተ ጋር ይግባ። እናትሽ ጎን ይቀመጥ። ዘመዱን ደግሞ ለከሰዓት ወይ ለማግስቱ እሱ ይጥራ። ያኔ የተከለከለ ሰው አይሆንም፣ ባለቤቱ እሱ ይሆናል። ላንቺም ልጅ የሚይዝልሽ እጅ ይገኛል።

ሲልቨር ስፕሪንግ

እትዬ፣ ይህን ሳነብ አለቀስኩ። እውነትዎን ነው። እኔ የሸሸሁት ግርግሩን ነበር። እሱ ግን የሰማው «አትምጣ» የሚለውን ብቻ ነው። ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ። እርስዎን ያቆይልኝ።

ዴንቨር

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ የልጅ መቀመጫ። እዚህ ልጆቻችንን ያለ ካርሲት ከጋራዥ አናወጣም፤ ቦሌ ስንደርስ ግን በጭናችን ይዘን እንሄዳለን። እኔ ይህን ተቃውሜ ከሚስቴ ጋር ሳይቀር ተከራክሬያለሁ። ሾፌሮችን «የልጅ መቀመጫ አላችሁ?» ብትይ አንዳንዱ «አለ» ይልሻል፣ ቀኑ ሲደርስ ግን አይገኝም። የራስሽን ይዘሽ ሂጂ። በነፃ ይጫን እንደሆነ አየር መንገዱን አስቀድመሽ ጠይቂ። ለ6 ዓመቱ ከፍ የሚያደርገው መቀመጫ ብቻ ይበቃዋል፤ እሱ ቀላል ነው። ከሁሉ በላይ ግን የኋላ ወንበሩ ቀበቶ መሥራቱን ሾፌሩን ጠይቂ። ብዙ ሚኒባስ ላይ ቀበቶው ወንበሩ ሥር ተቀብሮ ነው የሚገኘው። ቀበቶ ከሌለ መቀመጫው ምንም አይሠራም።

ሁለተኛ፣ ዋጋ። ከሐምሌ 2016 በኋላ፣ ብር በገበያ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ዋጋ ይዞ መከራከር አይቻልም። ዋጋውን በብር ተስማሙ ወይም በዶላር ተስማሙ፣ ግን አንዱን ምረጡ። «በዶላር ይህን ያህል፣ በቀኑ ምንዛሪ በብር» የሚባለው ነው ጭቅጭቅ የሚያመጣው። በየትኛው ምንዛሪ? ይህ ነገር ኤርፖርት በር ላይ፣ ልጆች እያለቀሱ የሚወራ አይደለም። ፓርኪንግና መጠበቂያ በዋጋው ውስጥ ይግባ አይግባ በጽሑፍ ይሁን።

ገርጂ ማዞሪያ

የሻንጣውን ነገር ተቀብያለሁ፣ ሾፌር። ግን አንድ ነገር ልቃወም። አስቀድሞ ሙሉውን በካርድ መክፈል አልወድም። ኢንተርኔት ላይ የሚሸጡት ብዙዎቹ ራሳቸው መኪና የላቸውም። ትእዛዙን ተቀብለው እዚህ ላለ ሰው ያስተላልፋሉ። ችግር ሲመጣ የምትደውይለት ሰው ሌላ አገር ተቀምጧል።

የቦሌ ሾፌር

እውነት ነው። እኔም ከእንደዚያ ዓይነቱ ሥራ ተቀብዬ አውቃለሁ። የተሳፋሪው ስምና ሰዓት ብቻ ነው የሚደርሰኝ። ዊልቸር እንዳለ፣ ሕፃን እንዳለ ማንም አይነግረኝም። ግን ሁሉም መጥፎ ነው አልልም። አንዳንዶቹ አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ 60 ደቂቃ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይጠብቃሉ፣ ይህም ጥሩ ነው። ከዚያ በኩል ከያዝሽ ከጉዞው 2 ቀን በፊት የሾፌሩን ስምና ስልክ ጠይቂና ራስሽ አናግሪው። ስልኩን ካልሰጡሽ ሌላ ፈልጊ።

ስለ መጠበቂያው ካነሳን፣ 60 ደቂቃ ለናንተ ይበቃል ብዬ አላምንም። ጠዋት ሰልፉ ረጅም ነው። የዊልቸር ተሳፋሪ በኢሚግሬሽን ቶሎ ያልፋል፣ ሻንጣ ግን ለማንም ቶሎ አይመጣም። 8 ሻንጣ ተለቅሞ፣ መውጫው ላይ በማሽን አልፎ እስኪወጣ ሁለት ሰዓት ይያዝ። እኔ ሁልጊዜ ከአሜሪካ ለሚመጣ ቤተሰብ ሁለት ሰዓት ነው የምይዘው።

ተቀባይ ሰው እንደ ልቡ ተርሚናሉ ውስጥ አይገባም። ውጭ ነው የምንጠብቀው። ስለዚህ «ኤርፖርት እንገናኝ» አይበቃም። የትኛው በር፣ የቱ ጋ፣ ወረቀቱ ላይ የማን ስም እንደሚጻፍ ተስማሙ። የእናትሽ ስም ይጻፍ። በዊልቸር ቀድማ ልትወጣ ትችላለችና የራሷን ስም ታያለች። «ሾፌርሽ ልኮኝ ነው» ብሎ ሻንጣ የሚይዝ ሰው ቢመጣ ወረቀቱን ያልያዘውን አትከተዪ።

ሽሮ ሜዳ

ጠያቂዋ፣ የምትገቢው ስንት ነው? ለጥምቀት ስላልሽ ነው። ጥር 10 ከተራ ነው። ታቦታቱ ከሰዓት በኋላ ከየደብሩ ወጥተው ወደ ጃን ሜዳና ወደየባሕረ ጥምቀቱ ይሄዳሉ። መንገድ ይዘጋል፣ ሕዝቡም በእግሩ ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ መኪና ይዞ ከቦሌ ወደ መሃል ከተማ መሄድ ፈተና ነው። ጥር 11 ደግሞ ታቦታቱ ሲመለሱ እንደዚያው።

ጠዋት ከሆነ ግን አትፍሪ። ዘንድሮ ከተራ እሁድ ነው። እሁድ ጠዋት ቦሌ መንገድ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። በወሎ ሰፈር፣ በኦሎምፒያ፣ በደንበል አድርጎ መስቀል አደባባይ ለመድረስ ስድስት ኪሎ ሜትር አይሞላም። ካሳንቺስ ከዚያ ቅርብ ነው።

አንድ ነገር ግን ለእናትሽ አስቀድመሽ ንገሪያት። ካሳንቺስ የምታውቀው ካሳንቺስ አይደለም። ብዙው ሰፈር ፈርሷል፣ መንገዱም ሰፍቷል። ለሾፌር «ከእገሌ ቤት ጀርባ» ብሎ ማመልከት አይሠራም። የሆቴሉን ቦታ በካርታ ላኪለት።

ሲልቨር ስፕሪንግ

የሁላችሁንም ምክር ሰብስቤ ወሰንኩ። ሆቴሉ ለኛ ብቻ የሚሆን መኪና እንደሌለው መለሰልኝ። ስለዚህ የጓደኛዬ ወንድም የሚያውቀውን ሾፌር ይዣለሁ፣ ሃይሩፍ አለው፣ ፎቶውንም ልኮልኛል። አጎቴም እሺ ብሏል፤ ድምፁ ተለውጧል፣ «እኔ ነኝ የምቀበላት» እያለ ለሁሉም እየደወለ ነው። የተጨማሪውን ሌሊት ክፍያም ጨርሻለሁ።

ለሾፌሩ የምልከው መልእክት ይኸው። እዩልኝ፦

«ጃንዋሪ 17 በኢቲ 501 ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል፣ በፈረንጅ 7፡30 እንገባለን። 4 ሰው ነን፣ 2ቱ ሕፃናት። አንድ ዊልቸር። 8 ትልልቅ ሻንጣ። አጎቴ አብሮን ይሳፈራል። ወረቀቱ ላይ የእናቴን ስም ጻፍ።»

የቦሌ ሾፌር

ቆይ እህቴ። ትኬትሽን አውጪና እይ። 17 የምትነሺበት ነው ወይስ የምትደርሺበት?

ሲልቨር ስፕሪንግ

ወይኔ። የምነሳበት ነው። መድረሻው ሥር በትንሹ ተደማሪ አንድ ቀን ይላል።

የቦሌ ሾፌር

አዎ። ከዋሽንግተን ቅዳሜ ትነሻለሽ፣ እዚህ እሁድ ትገቢያለሽ። ያ ሰው በመልእክትሽ ቢሄድ ቅዳሜ ጠዋት ቦሌ ይቆማል። ያን ሰዓት አንቺ ጋ ገና ዓርብ ማታ ነው፣ ሻንጣ እያሰርሽ ነው። ስምንት ሰዓት ልዩነት አለ። ቆሞ ቆሞ «ቀሩ» ብሎ ይሄዳል፣ እሁድ ደግሞ ሌላ ሥራ ይይዛል። ይህ በዓመት ብዙ ጊዜ ይገጥመኛል። ሰው ሁሉ ትኬቱ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቀን ነው የሚልከው፣ እሱ ደግሞ የመነሻው ነው።

ከጄዳ የመጣሁ

«17» ብቻ ብሎ መላክም አደጋ አለው። ሰውዬው ጥር 17 ነው ብሎ ቢይዝስ? ያ ደግሞ አንድ ሳምንት ያልፋል፣ በፈረንጅ 25 ነው። ወሩን በአማርኛ፣ ዕለቱን በስሙ ጻፊ።

ሪሴፕሽን

የሆቴሉንም ቀን እዪው። ሌሊት ጨምሪ ያልኩሽ የቅዳሜውን ነው፣ ከ17 እስከ 18 ያለውን።

ሲልቨር ስፕሪንግ

እሱን በትክክል አድርጌዋለሁ፣ ተመስገን። መልእክቱን እንዲህ ቀየርኩት፦

«እሁድ ጥር 10፣ የከተራ ዕለት፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 18 እንደርሳለን። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል፣ በፈረንጅ 7፡30። በረራው ኢቲ 501 ከዋሽንግተን። ቢዘገይ በዚህ ቁጥር ተከታተል። እኔ፣ እናቴና 2 ልጆች፣ አጎቴም ውጭ ይጠብቅሃል፣ ስልኩ ይኸው። ዊልቸር አለ፣ 8 ትልልቅ ሻንጣ አለ። የኋላ ወንበር ቀበቶ እንዲሠራ አድርግልኝ፣ የልጅ መቀመጫ እኔ ይዤ እመጣለሁ። ዋጋው በብር የተስማማነው ነው፣ ፓርኪንግና ሁለት ሰዓት መጠበቅ ውስጡ አለ። ስንደርስ በቴሌብር አጎቴ ይከፍልሃል። እባክህ ቀኑንና ሰዓቱን በራስህ ቃል መልሰህ ጻፍልኝ።»

የአራት ልጆች እናት

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ጎበዝ። «እሺ» ብቻ ካለሽ አትቀበዪ።

አንድ ነገር ላስታውስሽ፣ የጥር ጠዋት ይበርዳል። የእናትሽን ጋቢ ሻንጣ ውስጥ አትክተቺ፣ እጅሽ ላይ ይሁን።

ዴንቨር

ዊልቸሩን ለአየር መንገዱ ቢያንስ ከ2 ቀን በፊት አስመዝግቢ። ትኬት ስትቆርጪ ነግረሽ ቢሆንም ደውለሽ አረጋግጪ። በዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርትም አዲስ አበባም መመዝገቡን ጠይቂ።

ሲልቨር ስፕሪንግ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)

ቃል እንደገባሁት ተመልሻለሁ። ያለነው አጎቴ ቤት ነው፣ ልጆቹ ግቢው ውስጥ ዶሮ እያባረሩ ነው።

አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ያህል ዘግይቶ ነበር ያረፈው። ሾፌሩ ቀድሞ አይቶት ስለነበር ከቤቱ ዘግይቶ ነው የወጣው። እናቴን የዊልቸሩ ልጅ ከአውሮፕላኑ በር ተቀብሎ በኢሚግሬሽን ቶሎ አሳለፋት። ሻንጣው እንዳላችሁት ነው፣ ሰባቱ ቶሎ መጡ፣ ስምንተኛው ግን ሃምሳ ደቂቃ አስቆመን። ያን ጊዜ ነው ሁለት ሰዓት መጠበቅ የምትለውን ሾፌር የመረቅኩት።

ሁሉም ነገር አልተሳካም። የ3 ዓመቷ መቀመጫ በቀበቶው ልክ አልገባም፣ ቀበቶው አጭር ነበር። ወደፊት ወዳለው ሁለተኛ ረድፍ ወንበር ቀይረን አሰርነው፣ እዚያ ገባ። ይህን አስቀድሜ ብጠይቅ ኖሮ አሥራ አምስት ደቂቃ አላጠፋም ነበር። መኪና የምትይዙ ሁሉ የቀበቶውን ርዝመት ጭምር ጠይቁ።

አጎቴ በሩ ላይ ጋቢውን ለብሶ ብቻውን ቆሟል። ሾፌሩ ጎኑ፣ የእናቴን ስም የያዘ ወረቀት ከፍ አድርጎ። እናቴ መጀመሪያ ያየችው ወረቀቱን ነው፣ «ስሜን ማን ጻፈው?» አለች። ከዚያ ወንድሟን አየችው። ሾፌሩ ወረቀቱን አጥፎ ዞር አለ፣ እስኪጨርሱ ድረስ አንድም ቃል አልተናገረም። ቸኩያለሁ አላለም፣ ሰዓቱንም አላየም።

መንገዱ ባዶ ነበር። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። እናቴ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ «ይሄ የት ነው?» ትላለች፣ አጎቴ ይነግራታል። ካሳንቺስ ስንደርስ «የምን ካሳንቺስ?» ብላ ዝም አለች። አጎቴ እጇን ይዞ እዚህ ጋ ይህ ነበር፣ እዚያ ጋ ያ ነበር እያለ አንድ በአንድ አሳያት። እኔ ከፊት ነበርኩ፣ የትኛውንም አላውቀውም። ክፍላችን ተዘጋጅቶ ጠበቀን፣ እናቴ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኛች። ሲመሻሽ ታቦቱ ሲያልፍ ከበረንዳው ላይ ተቀምጣ አየች። ዘመዱ ሁሉ በማግስቱ መጣ፣ ክፍሉ ሞላ፣ እሷም ሁሉንም ቁጭ ብላ ተቀበለች።

ከጄዳ የመጣሁ

እሰይ! እንኳን በሰላም ገባችሁ። እናትሽን ሳሚልኝ።

ሽሮ ሜዳ

እንኳን አደረሳችሁ። ስትመለሱ ኤርፖርት ከበረራው 3 ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። እስከ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ አጋማሽ የምትቆዩ ከሆነ ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ አለ። መሪዎች ሲያልፉ ቦሌ መንገድ ይዘጋልና ያን ሳምንት አንድ ሰዓት ጨምሩበት።

ሲልቨር ስፕሪንግ

የምንመለሰው በፈረንጅ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ ነው፣ ያን ሾፌር አሁኑኑ ይዤዋለሁ። ዕለቱን፣ ወሩን፣ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፌ። እሱም መልሶ ጽፎልኛል።

ቶሮንቶ (አዲስ አባል)

ይህን ክር ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ለፋሲካ ከአባቴ ጋር እመጣለሁ፣ የምናርፈው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ነው። የሾፌሩን ቁጥር በውስጥ መስመር ትልኪልኛለሽ?

ሲልቨር ስፕሪንግ

ጠይቄው ፈቅዷል፣ ልኬልሃለሁ። ስትጽፍለት ግን የትኛው ለየትኛው አጥቢያ እንደሆነ አትርሳ።